ግድግዳችሁ ውስጥ አይጥ ካለ ቀዳዳውን ለመድፈን አትቸኩሉ

መጀመሪያ የሰማሁት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአብሲት ስነሳ ነው። ከምጣዱ ጀርባ ካለው ግድግዳ ውስጥ፣ ሰው ያረረ ዳቦ በቢላ ሲፍቅ የሚመስል ድምፅ ይመጣል። ግድግዳውን በመዳፌ መታ ሳደርገው ዝም አለ። ውሃ ልጥድ ዞር ስል ደግሞ ቀጠለ።

ያን ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለብኝ በቅጡ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አንዱ መርዝ፣ አንዱ ድመት፣ ሌላው ሲሚንቶ እያለ ሁሉንም ስሞክር ሰባት ወር ፈጀብኝ። እናንተ ላይ ያን ያህል እንዳይፈጅ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ያለ፣ እናቴ ያቆየችልኝ የጭቃ ቤት ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ ጭድ የገባበት ምርጊት፣ ከላይ ቆርቆሮ። ከውስጥ በኩል አባቴ በኋላ ጊዜ ቺፕውድ አልብሶታል። በጭቃውና በቺፕውዱ መካከል አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ቀርቷል፤ እሱ ነው ለአይጥ ቤት የሆነው። ሙቅ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ድመት አይገባበትም፣ ከታች ወደ ጓዳ ከላይ ወደ ኮርኒስ ያደርሳል። እኔ ደግሞ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች ስለማስረክብ ቤቴ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ኩንታል ጤፍ አለ። ለአይጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

ያጠፋሁትን መጀመሪያ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚሁ ላይ ነውና። አንድ እሑድ ከወንድሜ ጋር ሆነን ያየነውን ቀዳዳ ሁሉ በአንድ ቀን በሲሚንቶ ደፈንነው። ያን ቀን ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በሦስተኛው ሌሊት ውስጥ ተዘግቶባቸው የቀሩት፣ ከልጆቹ አልጋ ራስጌ በኩል ቺፕውዱን በልተው ወጡ። በዚያው ሰሞን የምጣዱን ገመድ ከግድግዳው በሚወጣበት ቦታ ላይ ልጠውት መዳቡ ተራቁቶ አገኘሁት። እጄ እርጥብ ሆኖ ብነካው ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል። ስለዚህ ግድግዳ ውስጥ ድምፅ ከሰማችሁ ከሁሉ በፊት በዚያ በኩል የሚያልፉትን የኤሌክትሪክ ገመዶች በባትሪ እያበራችሁ እዩ። የተላጠ ካለ ከቆጣሪው አጥፉና ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

የአይጥ ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ካልነከሰች ጥርሷ መግቢያ ያሳጣታል። እንጨት፣ ጭቃ፣ ፕላስቲክ፣ ያልጠነከረ ሲሚንቶ ትበላለች። እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ በአንድ ጊዜ ስድስትም ስምንትም ትወልዳለች፤ ልጆቿ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ውስጥ እያሉ ብትዘጉባቸው ወይ በልተው ይወጣሉ ወይ እዚያው ይሞታሉ። ሁለቱም ጣጣ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ምግቡን መከልከል፣ ቀጥሎ መንገዳቸውን ማወቅ፣ ከዚያ በወጥመድ መጨረስ፣ በመጨረሻ መዝጋት።

ጤፉን ከአፋቸው ማውጣት

ጆንያ አይጥን አያቆምም። የፕላስቲክ ባልዲም ቢሆን ክዳኑ ጠርዝ ላይ ከጀመሩት በሁለት ሌሊት ያልቃል። እኔ ጤፉን ክዳኑ ጥብቅ ወደሆነ የብረት በርሜል አዛወርኩት። የምግብ ዘይት የነበረበትን በርሜል በሳሙናና በፈላ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አስጥቼ ነው። ኬሚካል የነበረበትን በርሜል ግን በነፃ ቢሰጧችሁም ለእህል እንዳታደርጉት። በርሜሉን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቁት፤ ዙሪያውን መጥረግም ማየትም ትችላላችሁ።

ያልጠረጠርኩት ነገር ድርቆሹ ነበር። የተረፈኝን እንጀራ ቆጥ ላይ አሰጣለሁ፤ ለእነሱ በየማታው የተዘረጋ ገበታ ነበር ማለት ነው። አሁን ቀን አስጥቼ ከመምሸቱ በፊት ቆርቆሮ ውስጥ እከተዋለሁ። የዶሮ መኖም እንዲሁ ነው፤ ለዶሮ የሚበተነው ጠዋት ይሁን እንጂ ማታ የሚያድር አይሁን። የቡሆ ዕቃው በሚገባ ይከደን። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ አስጠግኑ፤ ውሃም ይፈልጋሉና።

ኩስ ያያችሁበትን ወይም የተቀደደውን ጆንያ ከጫፉ ብቻ ቀንሶ መድፋት አይበቃም። እኔ ሽንታቸው የነካውን ሩብ ኩንታል የሚያህል ጤፍ ጣልኩ። አለቀስኩ፤ ግን ሰው የሚበላው እንጀራ ነው።

የት ይሄዳሉ?

ጭቃ የሚመርግልን ጋሼ መጥተው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ሄዱ። «ስሚው ልጄ፣ እዚህ ጋ ድፍን ነው፤ እዚህ ጋ ደግሞ ከበሮ ነው» አሉኝ። ከበሮ ያሉት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረግንበት። ከዚያ ማታ ማታ አመድ በወንፊት ነፍቼ ከግድግዳው ሥር አንድ ስንዝር ስፋት አድርጌ በስሱ እበትናለሁ። ጠዋት ስነሳ ዱካቸው ተጽፎ አገኘዋለሁ፤ የፊት እግር አራት ጣት፣ የኋላው አምስት፣ መሐል ላይ ጅራት የጎተተችው ቀጭን መስመር። በሦስት ሌሊት ውስጥ ዋና መንገዳቸው ከምጣዱ ጀርባ ተነስቶ በጓዳው በር ሥር እንደሚያልፍ አወቅኩ።

ቀዳዳው የሚሠራበት መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ ወትፉበት። ጠዋት ወድቆ ከተገኘ ይመላለሱበታል፤ ሦስት ቀን ሳይነካ ከቆየ አሮጌ ነው። አፉንም ተመልከቱት። የእኔው ጓዳ ውስጥ ያለው የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ቆየ የመጥረቢያ እጀታ ጠቁሮ ያብለጨልጭ ነበር፤ የጠጉራቸው ቅባት ነው። ጠርዙ ላይ ሁለት ሦስት ግራጫ ጠጉርና ከማዳበሪያ ጆንያ የተተለተለ ነጭ ክር ተለጥፎበታል።

ኩሳቸውም ይናገራል። ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ከሆነ ትንሿ የቤት አይጥ ናት፤ አንድ ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ትልቋ፣ አይጠ መጎጥ የምንላት። ልዩነቱ የሚጠቅመው ለወጥመዱ መጠንና ለቀዳዳው ነው። ትንሿ እርሳስ በሚያሳልፍ ክፍተት ትገባለች፤ ለትልቋም አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይበቃታል።

ወጥመድ እንጂ መርዝ አይሁን

መርዝ ሞክሬዋለሁ፤ ስለዚህ በእርግጠኝነት ነው የምናገረው። ግድግዳ ውስጥ ለሚኖር አይጥ መርዝ አይሆንም። በልታ የምትሞተው እናንተ በምታዩት ቦታ ሳይሆን ጎሬዋ ውስጥ ነው። የእኔዋ ከአልጋዬ ጀርባ ሞተች። ሽታው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ፤ ሰማያዊ ዝንብ ከኮርኒሱ ሥር ይወጣ ጀመር፤ በመጨረሻ ቺፕውዱን አስቀድጄ አወጣኋት። ደም የሚያቀጥነው መርዝ የሚገድለው ከበላች ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ የት እንደምትደርስ አይታወቅም። የተመረዘችውን አይጥ ድመት ወይም ውሻ ከበላም እሱም ይጎዳል።

መንገድ ላይ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን፣ ስም የሌለውን ዱቄት ቤታችሁ አታስገቡ። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ በጭራሽ። የነቀዝ ክኒን የሚባለውን፣ ለእህል መጋዘን የሚሆነውን ደግሞ ቀዳዳ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በግድግዳው ክፍተት አልፎ ሰው የተኛበት ክፍል ይገባል፤ ሰው ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። በስሕተት መርዝ የነካው ወይም የዋጠ ሰው ካለ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ዕቃውን ወይም ላስቲኩን ይዛችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ።

ሙጫውንም አልወደውም። አይጧ ተጣብቃ እስከ ጠዋት በሕይወት ትቆያለች፤ ስትጮህ ልጆች ይሰማሉ። ድመት ደግሞ ከውጭ አዲስ እንዳይመጣ ትረዳለች፤ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ግን አታወጣም።

የሚሠራው ተስፈንጣሪው ወጥመድ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሳይሆን በአንድ ጊዜ ስድስት ስምንት ያስፈልጋል፤ እኔ አራት ገዝቼ አራት ከጎረቤት ተበደርኩ። አይጥ አዲስ ነገር ትፈራለች፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች ምግቡን አድርጋችሁ ግን ሳታጠምዱት ተዉት። ለምዳ ትብላ። በአራተኛው ሌሊት አጥምዱት። ይህን ትዕግሥት ያጣ ሰው የመጀመሪያዋን ይይዛል፤ የቀሩት ግን ይነቁበታል።

የሚቀመጥበት መንገድ ወሳኝ ነው። አይጥ መሐል ወለል አትሄድም፤ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሮጠው። ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር እንደ መስቀል ገጥሞ፣ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ ይቀመጥ። ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን ብታደርጓቸው፣ አንዱን ዘላ ብታልፍ ሁለተኛው ይይዛታል። ልጅና ዶሮ እንዳይነካው ከላይ ግራና ቀኙ ክፍት የሆነ ካርቶን ወይም የጣውላ ሣጥን ድፉበት።

ምግቡን በተመለከተ እኔ ጋ የሠራው ቋንጣ ነው። የጥፍር ያህል ቁራጭ ቆርጬ፣ የወጥመዱ ምላስ ላይ በመስፊያ ክር ሦስት ጊዜ ዙሪያውን ጠምጥሜ አጥብቄ አሰርኩት። ሳይታሰር ከቀረ ቀስ ብላ ታነሳዋለች፤ ሲታሰር ግን መጎተት አለባት፤ ስትጎትት ወጥመዱ ይስፈነጠራል። የኦቾሎኒ ቅቤም ጥሩ ነው፤ ግን እንደ አተር ፍሬ ያህል ብቻ፤ ብዙ ከተደረገ ከዳር ከዳሩ ልሳ ትሄዳለች። ጤፍ ሞልቶ ለሰነበተ አይጥ እህል ማድረግ ትርጉም የለውም፤ የሌላትን ስጧት።

በመጀመሪያው የማጥመድ ሌሊት ሦስት፣ በማግሥቱ ሁለት፣ በጠቅላላው በዘጠኝ ሌሊት አሥራ አንድ ያዝኩ። የሞተውን ባዶ እጅ አትንኩ። ጓንት ከሌለ እጃችሁን በላስቲክ ሸፍኑ፤ ጥቂት በረኪና የገባበት ውሃ እላዩ ላይ አርከፍክፉና በሁለት ላስቲክ ቋጥራችሁ አርቃችሁ ቅበሩ። አይጧ ስትሞት ቁንጫዋ ሌላ ደም ፍለጋ ይወጣል፤ የአይጥ ቁንጫ ደግሞ አንድ ዓይነት ታይፈስ ያስተላልፋል። ስለዚህ ወጥመዱ በቶሎ ይነሳ፤ አይደር።

አሁን ዝጉ

ወጥመዶቹ ሰባት ሌሊት ሳይነኩ፣ አመዱም ያለ ዱካ ካደረ ጨርሶ ለመዝጋት ጊዜው ነው። እኔ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገቡትን ቀዳዳዎች መዝጋት የጀመርኩት ማጥመድ ስጀምር ነው፤ የጓዳውን አንድ ዋና መውጫ ብቻ ከፊቱ ሁለት ወጥመድ አድርጌ እስከ መጨረሻው ክፍት ተውኩት። እሱን የዘጋሁት በጋዜጣው ፈትኜ ሳይነካ ከቆየ በኋላ ነው።

የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ብቻውን መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ደረቅ ጭቃ ሲሚንቶውን አይይዘውም፤ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ተነስቶ ይወድቃል። ጋሼ ያሳዩኝ አሠራር እንዲህ ነው። የቀዳዳውን ዙሪያ የላላውን ጭቃ ማገሩ እስኪታይ አንሱ። ውስጡን ድስት በሚፈገፈግበት የብረት ሽቦ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ። በላዩ እርሳስ የማያሳልፍ ጠባብ ዓይን ያለው የብረት ወንፊት ማገሩ ላይ በምስማር ምቱ። የትንኝ ወንፊት አይሆንም፤ በጥርሳቸው ይበጥሱታል፤ የዶሮ አጥር ሽቦም ለትንሿ አይጥ በር ነው። ከዚያ የጭቃውን ጠርዝ በውሃ አርሳችሁ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ለውሳችሁ ወንፊቱን አልብሱት። ሁለት ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። እስኪጠነክር ድረስ ቆርቆሮ ቁራጭ ደግፉበት።

ማድ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ቺፕውድ ጨርሶ አስወገድነው። ስንገነጥለው ከሥሩ ጎሬያቸው ወጣ፤ ኳስ የሚያህል ነው፤ የማዳበሪያ ክር፣ የዶሮ ላባ፣ የጋዜጣ ብጥስጣሽ፣ በመሐሉ ቀይና አረንጓዴ ጥለት። የእናቴ ነጠላ ነበረች፤ ጠፍታብኝ ሁለት ዓመት ስፈልጋት የነበረችው። ከጥለቱ የጣት ያህል ብቻ ነው የተረፈው።

ያን ቦታ በአዲስ ምርጊት ሞላነው። ጭቃው የጤፍ ጭድ ገብቶበት አራት ቀን ቦክቷል፤ ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ የነገ ቀዳዳ ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ቺፕውዱን ሙሉ በሙሉ ለማንሳት አቅም አልነበረኝም፤ ስለዚህ ከታች ሁለት ስንዝር ያህሉ ተቆርጦ በሚፈታ ብሎን ታሰረ። አሁን ስጠራጠር ፈትቼ በባትሪ አያለሁ።

ሰው የሚረሳቸው ቦታዎች አሉ። የቆርቆሮው ሞገድ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ከሥሩ የሚቀረው ክፍተት፤ የውሃ ቧንቧና የመብራት ገመድ የሚገባበት፤ የበሩ ሥር፣ እዚያ ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ በምስማር ምቱበት፤ የፍሳሽ መውረጃው፣ የብረት ፍርግርግ ያስፈልገዋል። የማድ ቤት ጭስ መውጫን ግን አትድፈኑ፤ ጭሱ ይጎዳችኋል፤ ወንፊት ብቻ ምቱበት። ጣራ ላይ የተደገፈ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እስኪርቅ ይቆረጥ። ውሃ ልኩ አጠገብ መሬት ቆፍረው የሚገቡ ከሆነ ወንፊቱን 30 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት አውርዳችሁ ጫፉን ወደ ውጭ አጥፋችሁ ቅበሩት፤ ሲቆፍሩ እሱ ላይ ይደርሳሉ።

ጽዳቱና ጎረቤቱ

ጎሬውንና ኩሱን በደረቁ አትጥረጉ፤ አቧራው ነው በሽታውን ወደ አፍንጫ የሚያስገባው። መስኮት ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አናፍሱ፤ ማስክና ጓንት አድርጉ፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እስኪርስ አርከፍክፉ፤ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በጨርቅ አንሱት። ጨርቁ አብሮ ይጣል። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ።

የእኛና የታችኛው ቤት ግድግዳ የጋራ ነው። እትዬ ጋ ሄጄ ቡና ላይ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ እርስዎ ጋ ካልተዘጋ የእኔ መዝጋት ምንም አይሠራም፤ ወጥመዶቹን ላምጣልዎትና አብረን እናጥምድ» አልኳቸው። «እኔማ መርዙን ጥዬላቸዋለሁ እኮ ልጄ» አሉኝ። ዶሮዎቻቸው እግራችን ሥር ይለቅማሉ። የመርዙን ላስቲክ አብረን ለቅመን አነሳን፤ በዚያው ማታ አራት ወጥመድ ከእህል ዕቃቸው ጀርባ አደረግን፤ በሳምንቱ አምስት ያዙ። አጠገባችን የቆዩ ቤቶች ሲፈርሱ ወይም ክረምት ገብቶ ጎሬያቸውን ውሃ ሲሞላው እንደገና መጠጊያ ፍለጋ ይመጣሉ። እኔ ከሐምሌ እስከ መስከረም በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ አመዱን ከጓዳው በር ሥር እበትናለሁ፤ እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት አየዋለሁ። ወጥመዶቹ ታጥበው፣ የመስፊያው ክር ከጎናቸው፣ በርሜሉ ላይ ተቀምጠዋል።